ዝርዝሩ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፦ ከአልኮል ሱስ ለማገገም የአቻ ድጋፍ ስብሰባ ያገኙ ሰው የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ የተመዘገበው አንድ ነገር ጥርት አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ባለጉዳዩ የስብሰባዎችን አድራሻ ይዘው ሰባት ወር ቆይተዋል። ቦታውንም ሰዓቱንም ያውቁ ነበር፤ ሆኖም አንድም ስብሰባ ላይ አልተቀመጡም። በኋላ ስብሰባ ውስጥ ያስገባቸው የተሻለ ዝርዝር አይደለም። የበር መግቢያው ላይ የሚጠብቃቸው፣ ድምፁን አስቀድመው የሰሙት አንድ ሰው ነው። ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንድ ዝርዝር ነገሮች ተለውጠዋል።

ዳራ

ባለጉዳዩ የ46 ዓመት ጎልማሳ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ናቸው። ሥራቸው የማሽን ጥገና ሲሆን ፈረቃቸው በየሳምንቱ ይቀያየራል፦ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። መጠጥ የለመዱት በወጣትነታቸው ነው፤ ላለፉት ስድስት ዓመታት ግን ሳይጠጡ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው። ወደ ምክር አገልግሎት በመጡበት ጊዜ 40 በመቶ አልኮል ካለው መጠጥ በቀን ግማሽ ጠርሙስ ይጨርሱ ነበር። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ይህ በቀን ወደ 118 ግራም ንጹሕ አልኮል ማለት ነው። ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ የሚቆመውም መልሰው ሲጠጡ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው፣ ኦዲት በሚባለው ባለ 10 ጥያቄ መመዘኛ ከ40 ነጥብ 27 አመጡ። በዚህ መመዘኛ 8 እና ከዚያ በላይ ነጥብ አጠጣጡ ጎጂ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ጥገኝነት መኖሩን ለማጣራት ሙሉ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለማንም ሳይናገሩ በራሳቸው ለማቆም ሞክረው ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰውነታቸው ተንዘፍዝፎ ራሳቸውን ሳቱ። ይህን የነገሩት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤ ቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አስፈላጊ መረጃ አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ተገልጿል።

ችግሩ

ከሰባት ወር በፊት በሌላ ተቋም ያገኙት ባለሙያ የስብሰባዎችን ዝርዝር በአንድ ገጽ አትሞ ሰጥቷቸው ነበር። "እነዚህ ጋ ቢሄዱ ይጠቅምዎታል" ከማለት ያለፈ ነገር አልተባለም። ባለጉዳዩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሁለት ጊዜ ለመሄድ ሞክረዋል። በመጀመሪያው ቀን በሩ ተቆልፎ አገኙት፤ ቡድኑ ቦታ ቀይሮ ዝርዝሩ አልታደሰም። በሁለተኛው ቀን ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ደረሱ፤ ከውስጥ በአንድ ድምፅ የሚባል ጸሎት ሰምተው ከኮሪደሩ ተመለሱ። በሁለቱም ምሽቶች ከወትሮው አብልጠው ጠጡ።

ለምን እንደተመለሱ ሲጠየቁ ሦስት ነገር ተናገሩ። የሥራ ባልደረባ ቢያያቸውስ? የሌላ እምነት ስብከት ቢሆንስ? ስማቸውን ጠይቀው ቢመዘግቧቸውስ? ሦስቱም ቀላል መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ወረቀት አይመልሳቸውም።

መጀመሪያ ሐኪም

ስብሰባ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት አማካሪዋ ባለጉዳዩን ወደ ሆስፒታል ላከች። የአቻ ድጋፍ ስብሰባ ሕክምና አይደለም። አልኮል የለመደ ሰውነት በድንገት ሲቋረጥበት ሊሞት ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የሚጥል በሽታን የመሰለው መንዘፍዘፍ በአብዛኛው ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይከሰታል። ከሁሉም አደገኛ የሆነው፣ ትኩሳት፣ ቅዠትና መወናበድ የሚያስከትለው ዲሊሪየም ትሬመንስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። አንድ ጊዜ የተንዘፈዘፈ ሰው ሲያቆም እንደገና የመንዘፍዘፉ ዕድል ከሌላው ይበልጣል። ስለዚህ ለባለጉዳዩ "ዛሬ ማታ ስብሰባ ሂድና ከነገ ጀምሮ አትጠጣ" የሚለው በጎ ምክር ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ምክር ነበር።

አምስት ቀን ተኝተው፣ መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ በሚሄድ ዳያዜፓም በተባለ ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ታከሙ። የጉበት ምርመራ ከተደረገና ከኦፒዮይድ ወገን የሆነ (ሞርፊንን የመሰለ) የሕመም ማስታገሻ እንደማይወስዱ ከተረጋገጠ በኋላ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሰው ናልትሬክሶን በቀን 50 ሚሊ ግራም ታዘዘላቸው።

ፍለጋው

ሆስፒታል ሳሉ አማካሪዋ ስብሰባ መርጣ አልሰጠቻቸውም። አራት ነገሮችን ብቻ በወረቀት እንዲጽፉ ጠየቀቻቸው፦ በሦስቱም ፈረቃ ነፃ የሚሆኑባቸውን ሰዓቶች፣ ሳይማረሩ ሊጓዙት የሚችሉትን ርቀት፣ ስሜታቸውን በደንብ የሚገልጹበትን ቋንቋ፣ ሰው እንዳያያቸው የሚፈሩባቸውን ቦታዎች። ከዚህ አንድ ነገር ወዲያው ታወቀ። በሳምንት አንድ ቋሚ ስብሰባ ለእሳቸው አይሆንም፤ ከሦስት ሳምንት ሁለቱን ያመልጣቸዋል። በተለያየ ሰዓት የሚካሄዱ ሁለት የአካል ስብሰባዎችና ለሌሊት ፈረቃው ሳምንት አንድ የበይነመረብ ስብሰባ አስፈለጉ።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ከምንጩ ተጀመረ። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉባቸው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ.፣ ቡድኖች በየአካባቢው ኢንተርግሩፕ የሚባል የጋራ አገልግሎት ቢሮ ወይም ድረ ገጽ ይኖራቸዋል፤ ሚቲንግ ጋይድ የተባለው የስልክ መተግበሪያም መረጃውን የሚያገኘው ከእነዚሁ ነው። በካርታ መተግበሪያዎችና በቆዩ የታተሙ ዝርዝሮች መተማመን ግን አይቻልም፤ ቡድን ሲዘጋ ወይም ቦታ ሲቀይር እዚያ የሚያስተካክል ባለቤት የለም። ለባለጉዳዩ ከሚመቹት ዘጠኝ ስብሰባዎች ውስጥ በስልክ ተጣርቶ መኖራቸው የተረጋገጠው ስድስቱ ናቸው። ማጣሪያው ሊሄዱ ባሰቡበት ሳምንት ውስጥ መሆን አለበት።

ዝርዝሩን ማንበብም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። "ክፍት" የተባለ ስብሰባ ማንም ሰው፣ ቤተሰብም ባለሙያም ሊገባበት የሚችል ነው። "ዝግ" የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። በአንዳንዱ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ በሌላው ሁሉም በየተራ ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ 12ቱ ደረጃዎች ከሚባሉት የኤ.ኤ. የማገገሚያ እርምጃዎች አንዱን ወይም ከኤ.ኤ. መጽሐፍ አንድ ክፍል አንብቦ ይወያያል። ለሴቶች ብቻ ወይም ለወንዶች ብቻ የሆኑም አሉ። ለመጀመሪያ ቀን የሚሻለው ክፍት የሆነ፣ አንድ ተናጋሪ ያለበት ስብሰባ ነው፤ አዲስ ሰው ምንም ሳይጠየቅ ሰምቶ መውጣት ይችላል። ባለጉዳዩ ቀድሞ የሄዱበት ዝግ የደረጃ ውይይት ነበር፤ በጀማሪ ላይ የሚከብደው ዓይነት ነው።

የቦታው ስምም ያሳስታል። ብዙ ቡድኖች የእምነት ተቋም አዳራሽ፣ የሆስፒታል ክፍል ወይም ትምህርት ቤት ተከራይተው ይሰበሰባሉ። አዳራሹ የማን እንደሆነ ስለ ስብሰባው ምንም አይናገርም። ኤ.ኤ. ከየትኛውም የእምነት ክፍል ጋር አልተያያዘም። በጽሑፎቹ እግዚአብሔር ይጠቀሳል፣ ሦስተኛው ደረጃም እያንዳንዱ ሰው "እርሱን በተረዳበት መንገድ" ይላል፤ ስለዚህ ባለጉዳዩ የራሳቸውን እምነት ይዘው መግባት ይችሉ ነበር። ይህ ቋንቋ ጨርሶ የማይስማማው ሰው ሌላ አማራጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ አስተሳሰብንና ባህሪን በመለወጥ ሥነ ልቦናዊ ዘዴ ላይ የቆመ ነው፤ ስብሰባውን የሠለጠነ አስተባባሪ ይመራዋል፣ ተሰብሳቢዎችም እርስ በርስ ሐሳብ መለዋወጥ ይችላሉ። ለባለጉዳዩ ሁለቱም ተነገራቸው፤ ምርጫው የእሳቸው ሆነ።

ስልኩ

እስካሁን የተሠራው ሁሉ ቢደመር የተሻለ ዝርዝር ከመሆን አያልፍም ነበር። ለውጡን ያመጣው ቀጥሎ የሆነው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 20 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ለግማሾቹ የስብሰባ መረጃ ብቻ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ደግሞ ባለሙያው እዚያው ቀጠሮው ላይ ለአንድ የኤ.ኤ. አባል ደውሎ አገናኛቸው። ሁለተኛዎቹ ሁሉም ስብሰባ ሄዱ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንድም አልሄደም። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም በምክር ሥራ ላይ ያለ ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነው የሚያሳየው።

አማካሪዋም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከሆስፒታል በወጡ ማግስት፣ ባለጉዳዩ አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ በኢንተርግሩፑ ስልክ ደወለች። ስልኩን የያዙት ግን ባለጉዳዩ ናቸው። የሚሉት ቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ነበር፦ "መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ። ስብሰባ ገብቼ አላውቅም። ስሜን አሁን ባልናገር ደስ ይለኛል። የረቡዕ ማታው ስብሰባ አሁንም አለ? ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ይኖራል?" ሌላ ምንም አልተጨመረም። መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚጠይቀውም መረጃ ሳይሆን ሰው ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ አባል መልሶ ደወለላቸው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ተነጋገሩ። ሰውየው ስለ ራሱ ጥቂት ተናግሮ ስለ እሳቸው ምንም አልጠየቀም። "ረቡዕ አሥር ደቂቃ ቀደም ብለህ ና፤ በሩ ላይ ሰማያዊ ጃኬት ለብሼ ታገኘኛለህ" አላቸው። ባለጉዳዩ ሄዱ።

ስብሰባው ውስጥ

አማካሪዋ ቀድማ የነገረቻቸው ነገሮች ሁሉም ተፈጽመዋል፤ ይህም አረጋግቷቸዋል። ስብሰባ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። መዝገብ የለም፣ መታወቂያ አይጠየቅም። በኤ.ኤ. ለአባልነት የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ክፍያ የለም፤ ቡድኑ ለአዳራሽ ኪራይ በፈቃድ ከሚያዋጡት ስለሚኖር ቅርጫት ሊዞር ይችላል፣ አዲስ የመጣ ሰው ግን እንዲያዋጣ አይጠበቅም። ተራ ሲደርስ "ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት" ማለት በቂ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያርምም፣ አይመክርም፣ አያቋርጥም። ይህን ያላወቀ አዲስ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ዝምታውን እንደ ንቀት ሊቆጥረው ይችላል።

የምሥጢር ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። ተሰብሳቢዎች የሰሙትን ከአዳራሽ እንዳያወጡ ይስማማሉ፤ ነገር ግን እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ በሕግ የታሰሩ አይደሉም። ስለዚህ ባለጉዳዩ የመሥሪያ ቤታቸውን ስምና ከሥራ ጋር የተያያዘ ክርክር እንዳያነሱ ተመከሩ።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ነው። ስልክ የሚለዋወጡት፣ "ሳምንት ትመጣለህ?" የሚባባሉት ያኔ ነው። ስብሰባው ሲዘጋ ወዲያው የሚወጣ ሰው ስብሰባውን አግኝቷል፣ ሰዎቹን ግን አላገኘም። ባለጉዳዩ በመጀመሪያው ቀን ሊወጡ ሲሉ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰው አስቀራቸው፤ ሦስት ስልክ ቁጥር ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለአንዱ መደወል ልማድ ሆነ፣ አምሮት ባይኖርም። አምሮት እስኪመጣ የጠበቀ ሰው በዚያች ሰዓት የማያውቀው ሰው ጋ መደወል ይከብደዋል።

ያልሠራው

በሁለተኛው ቡድን አንድ የቆየ አባል ናልትሬክሶን እንደሚወስዱ ሲሰማ "መድኃኒት እስካለ ድረስ ንጹሕ አይደለህም" አላቸው። ባለጉዳዩ አራት ቀን መድኃኒቱን አቋረጡ። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ኤ.ኤ. ራሱ ያሳተመው ጽሑፍ ማንም አባል ሐኪም ሆኖ መገኘት እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል። ናልትሬክሶን ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት አይደለም። አማካሪዋ ይህን አስረድታ ያንን ቡድን በሌላ ተካችው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወደ ስብሰባ ከመላኩ በፊት ይህ ንግግር ሊገጥመው እንደሚችል ቢነገረው የተሻለ ነው።

የበይነመረቡ ስብሰባም መጀመሪያ አልተሳካም። ሰዓቱ የተጻፈው አስተናጋጁ ባለበት አገር ሰዓት ነበር። ያ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ወደፊትና ወደኋላ ስለሚገፋ፣ ባለጉዳዩ በሰዓቱ ነው ብለው ሲገቡ ስብሰባው አልቆ አገኙት። ሰዓቱን ሁልጊዜ በዩ.ቲ.ሲ. (በማይለዋወጠው የዓለም የጋራ ሰዓት) መዝግቦ መያዝና ለውጥ በሚደረግባቸው ወራት ደግሞ ማጣራት ይገባል። ሌላው ችግር ዙም ላይ ሙሉ ስማቸው ይታይ ነበር፤ መተግበሪያው ላይ የሚታየው ስም ቀድሞ ወደ መጠሪያ ስም ብቻ መለወጥ አለበት። ካሜራን ዘግቶ መስማት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ችግር የለውም። ወራት ሙሉ ዘግቶ የቀጠለ ሰው ግን የሚያውቀው ሰው ሳያገኝ ይቀራል።

ስፖንሰር ማለት በ12ቱ ደረጃዎች አዲሱን ሰው የሚመራ የቆየ አባል ነው። ባለጉዳዩ የመጀመሪያ ስፖንሰራቸውን የመረጡት ንግግሩ ስላማራቸው ነው፤ ሰውየው ግን ስልክ አያነሳም ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ለወጡት። ስፖንሰር መለወጥ ነውር አይደለም። ሲመረጥ ጊዜ ያለው፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይጠጣ የቆየና ጾታው አንድ የሆነ ሰው መምረጥ በሰፊው የሚመከር ልማድ ነው። ከጾታው ጋር የተያያዘው ምክር ለሴቶች ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በተሰበረ ጊዜያቸው ለፍቅር የሚቀርቧቸው ሰዎች አንዳንድ ቡድን ውስጥ ይኖራሉና።

ባለቤታቸው አብረዋቸው ለመግባት ፈለጉ። አንድ ቀን ዝግ ስብሰባ በር ላይ ደርሰው መመለስ ግድ ሆነባቸው፤ ሁለቱም አፈሩ። የቤተሰብ ቦታ ክፍት ስብሰባ ወይም አል አኖን ነው። አል አኖን እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተ፣ በሌላ ሰው መጠጥ የተጎዱ ቤተሰቦችና ወዳጆች ለራሳቸው የሚሰበሰቡበት ነው። ባለቤታቸው በኋላ ወደዚያ ሄደዋል።

አገረሸ፣ ተመለሱ

በሰባተኛው ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ተራቸው ደረሰ። የማታዎቹ ስብሰባዎች አመለጧቸው፣ የበይነመረቡም ገና አልተስተካከለም ነበር። ሁለት ቀን ጠጡ። ከመጠጡ በላይ የጎዳቸው ኀፍረቱ ነው። በብዙ ቡድኖች ሰው ሳይጠጣ የቆየበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ ከዜሮ መጀመሩን በሰው ፊት መናገር አልቻሉም፣ ስለዚህ ቀሩ። የመለሳቸው ያው ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰው ነው፤ ሁለት ስብሰባ ሲቀሩ ደወለ። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም፤ አማካሪዋ ቀደም ሲል "ሁለቴ ከቀረሁ ደውልልኝ" ብለው እንዲለምኑት አድርጋ ነበር። በተመለሱ ቀን ማንም አልጠየቃቸውም። ሐኪማቸው ዳግም መርምሯቸዋል፤ ሁለት ቀን ብቻ ስለጠጡ የማቆም ምልክቱ ቀላል ነበር።

የደረሱበት

በዘጠነኛው ወር በሳምንት በአማካይ ሁለት የአካል ስብሰባ ይሄዳሉ፣ በሌሊት ሳምንት በበይነመረብ ይገባሉ። ከዚያ ሰባተኛ ሳምንት ወዲህ አልጠጡም። ይህን ውጤት ለስብሰባ ብቻ መስጠት አይቻልም፤ መድኃኒቱም፣ የአማካሪዋ ክትትልም፣ የባለቤታቸው ለውጥም አለበት። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሰውን በሥርዓት ወደ ኤ.ኤ. የሚያስገባ ፕሮግራም በ12ኛው ወር ጨርሶ ያለመጠጣትን 42 በመቶ ሲያደርስ ሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች 35 በመቶ እንዳደረሱ አግኝቷል። እዚያ የተለካው በሥርዓት ማስገባቱ ነው፤ ወረቀት መስጠቱ አይደለም።

ለሌላ ጉዳይ

ወደ ስብሰባ የሚልክ ባለሙያ፣ ጓደኛም ሆነ ዘመድ፣ ከሁሉ በፊት "ከዚህ በፊት ስታቆም ምን ሆነህ ነበር?" ብሎ ይጠይቅ። መንዘፍዘፍ፣ ቅዠት ወይም ጠዋት ጠጥቶ የሚረጋጋ እጅ ካለ መንገዱ በሐኪም በኩል ነው።

አንድ ስብሰባ አይቶ መፍረድ አይበቃም። ቡድኖች በጣም ይለያያሉ፤ አንዱ ውስጥ የገጠመ ክፉ ንግግር ሌላው ውስጥ አይኖርም። ቢያንስ ስድስት ስብሰባ፣ ቢቻል በሦስት የተለያዩ ቡድኖች፣ ተሄዶ ከዚያ መወሰን ይሻላል። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ ስብሰባ ይኑረው፤ ባለጉዳዩን ያገረሸባቸው የሌሊቱ ሳምንት ባዶ ስለነበር ነው።

በአቅራቢያው ምንም ስብሰባ የሌለ ሰውስ? የበይነመረብ ስብሰባ ከማንኛውም ቦታ ይገኛል፣ በየሰዓቱም አለ። ከዚያ ውጭ ደግሞ በኤ.ኤ. ልማድ መሠረት መጠጥ ለማቆም የሚገናኙ ሁለት ሰዎች፣ ከሌላ ማንም ጋር ካልተቆራኙ፣ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው የማይለወጥ ቀንና ሰዓት፣ ሰው ቤት ያልሆነ ክፍል፣ በየተራ የሚነበብ ጽሑፍና አንዱ ሲቀር ሌላው የሚደውልበት ስልክ ነው። ቡድኑ ሁለት ወር ከዘለቀ በኢንተርግሩፕ ማስመዝገብ ይገባል፤ አለዚያ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።